ያልፈለጉት አይገኝም

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከመቶ ኢትዮጵያውያን መካከል አካል ጉዳተኛው አንድ ያህል ብቻ ነው ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ግን በዓለም ላይ ከመቶው ሰው ዐሥራ አምስት ያህሉ ጉዳት አለበት። ታዲያ እኛ ከሰው ዘር ተለይተን ጤነኞች ሆነን ነውን? አይደለም፤ የሚፈልጋቸው ስለ ጠፋ ነው!

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። በነገሌ ቦረናና በቆላው ከተሞች ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ሰነፍ፣ ጆሮው የከበደው እልኸኛ ከተባለ፣ ክፍል ደጋግሞ ወደ ከብት ጥበቃው ይመለሳል። ሶማሊኛ ተናጋሪውም በኦሮምኛ ተጠይቆ ዝም ቢል፣ ቋንቋ አለማወቁ የአእምሮ ጉድለት ተብሎ ሊቈጠርበት አይገባም።

የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስልት በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. ጸድቋል። ወረቀት አላነሰንም። መምህሩ በመስከረም ወር እያንዳንዱን ልጅ በ6 ሜትር ርቀት አቁሞ የዓይን መመርመሪያ ሰንጠረዥ ቢያሳየው፣ ከጀርባውም ሆኖ በዝግታ ቢጠራው፣ ብዙ ነገር ይገለጣል።

ለይቶ መተው ግን ስም መለጠፍ ነው። የፊት ወንበር፣ መነጽር፣ ብሬይል፣ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ሊከተል ይገባል። የነገሌ ዓይነ ስውር ልጅ ፊደል ለመቍጠር ከእናቱ ተለይቶ ሰበታ ድረስ መሄድ የለበትም።

በሕዝብ ገንዘብ የምንማር ሁላችን ባለሥልጣኖቹን ይህን እንጠይቅ፦ ስልቱን አየነው፤ በጀቱስ የት አለ?