የጥርስ ቴክኒሻኖች ማኅበር ከደብረ ማርቆስ ቢጀመር ማንን ይጎዳል?

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ነገር ሥሩ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሰው አፍ ውስጥ የገባውን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሠራው ማን ነው?

በደብረ ማርቆስ፣ በደጀን፣ በቢቸና ወይም በሞጣ ጥርስ ያስተከለ ሰው ይጠየቅ። የሐኪሙን ስም ይናገራል። ክሊኒኩ የት እንደሆነ ያሳያል። ስንት ብር እንደከፈለም አይረሳም። ጥርሱን በእጁ የሠራውን ሰው ግን አያውቀውም። ጥርሱ ድዱን ሲልጠው፣ ቆሎ ሲያኝክበት ሲሰበር፣ ሲናገር ሲወልቅበት ማንን እንደሚጠይቅም አያውቅም። ይህ የታካሚው ጥፋት አይደለም። ሙያው ስም ሳይወጣለት ስለኖረ ነው። ለሙያ ስም የሚያወጣለት፣ ስሙንም የሚያስከብርለት ደግሞ የባለሙያዎቹ ማኅበር ነው።

በመጀመሪያ ሥራውን እንወቀው። ሐኪሙ የአፉን ልክ ይወስዳል። ቴክኒሻኑ በልኩ ውስጥ ጄሶ አፍስሶ የመንጋጋውን ቅርጽ ያወጣል። የላይኛውንና የታችኛውን አገጣጥሞ ንክሻውን ያስተካክላል። ጥርሶቹን በሰም ላይ ይደረድራል፣ ሰሙን አቅልጦ ያወጣል፣ በሰሙ ቦታ አክሪሊክ ሞልቶ ያበስላል፣ ይሞርዳል፣ ያለሰልሳል። ከወረቀት ውፍረት የማይበልጥ ስህተት ታካሚው ጥርሱን ሲገጥም ወዲያው ይሰማዋል። ሐኪሙ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ያ ጠረጴዛ ላይ የተበላሸውን ጥርስ ወንበሩ ላይ ሙሉ በሙሉ አያድነውም።

አሁን ወደ ጎጃም እንምጣ። ልክ ለመውሰድ በብዛት የሚያገለግለው አልጂኔት ከባሕር አረም የሚወጣ ዱቄት ነው። በውኃ ተለውሶ አፍ ውስጥ ይረጋል። ከአፍ ከወጣ በኋላ ግን ውኃውን እየለቀቀ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ጄሶው በደቂቃዎች ውስጥ መፍሰስ አለበት። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መካከሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ። አልጂኔት ያን መንገድ አይችልም። እዚያው በቦታው ጄሶ የሚያፈስ የሠለጠነ እጅ ከሌለ፣ የተኮማተረ ልክ ይሄዳል፣ የማይገጥም ጥርስ ይመጣል። ገበሬውም ከፍሎ የገዛውን ጥርስ በመሀረብ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል።

እንግዲህ የጥርስ ቴክኒሻን ለደብረ ማርቆስ ትርፍ ነገር ነው የሚል ሰው፣ ደጋው ላይ የሚኖረው ሕዝብ ጥርስ አያስፈልገውም እያለ ነው። ይህ ደግሞ የቆሎ ተማሪ አገር ነው። በደብረ ኤልያስ፣ በዲማ፣ በዋሸራ የቅኔ መምህር የሚያስተምረው በአፉ ነው። የፊት ጥርሱን ያጣ መምህር «ፈ»ን አጥርቶ ማሰማት ያቅተዋል፣ ፊደሎቹ ይደበላለቁበታል። ለእሱ ጥርስ የጌጥ ጉዳይ አይደለም፤ የሥራ መሣሪያ ነው።

ጎጃም ይህን ሙያ መናቅ የማይገባው ሌላም ምክንያት አለው። ቅኔው ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም የወሰደው ከአንጥረኛ ነው። አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያወጣል፣ በቦታው ወርቁን ያፈሳል። አሜሪካዊው ዊሊያም ታጋርት እ.ኤ.አ. በ1907 ለጥርስ ሕክምና ያስተዋወቀው ዘዴ ይኸው ጥንታዊ ጥበብ ነው። ቴክኒሻኑ የብረት ጥርስ ሲያፈስ ዛሬም ሰሙን ያቀልጣል፣ ወርቁን ወይም ብረቱን ይተካል። ምሳሌውን ከአንጥረኛ ተውሶ የሚኮራ አገር አንጥረኛውን ራሱን «ቀጥቃጭ» ብሎ ሲሰድብ ኖረ። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። ዛሬ ስድቡ በግልጽ አይሰማም። ጠባዩን ቀይሮ ነጭ ጋዋን ለብሷል፦ ወንበር አጠገብ የቆመው «ባለሙያ»፣ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠው «ረዳት» ይባላል።

ማኅበር ያስፈልጋል ሲባል የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ በጥርስ ሐኪሞች ጥላ ሥር ይቀመጡ። ክርክሩ ትሕትና ይመስላል፤ ውጤቱን ግን ታሪክ አሳይቷል። በብሪታንያ የጥርስ ሐኪሞች መዝገብ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1878 ነው። የጥርስ ቴክኒሻኖች በዚያ አገር መመዝገብ ግዴታ የሆነባቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በመካከሉ 130 ዓመት አለ። ጥላው 130 ዓመት ሙሉ ተዘርግቶ ነበር፤ ከሥሩ የተቀመጠው ሰው ግን በስሙ አልተጠራም። በበለጸገ አገር፣ ሰላም ባለበት፣ ሕግ በሚሠራበት ቦታ ይህን ያህል ከዘገየ፣ እዚህ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው መቼ ሊደርሰው ነው?

ሀብት የግድ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ የጥርስ ቴክኒሻኖችን በራሳቸው ሕግና በራሳቸው ምክር ቤት እንዲመሩ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣችው ሕግ ነው። ናይጄሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ለሙያው የራሱን የምዝገባ ቦርድ አቋቁማለች። ሁለቱም ከብሪታንያ ቀድመዋል። አፍሪካ ውስጥ የማይቻል ነገር የለም ማለት ነው።

ያልተደራጀ ሰው የጥሬ ዕቃ ዋጋ ሲወሰን እንኳ ቦታ የለውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቩልካናይት የሚባለው የጠነከረ ጎማ ከመምጣቱ በፊት ሰው ሠራሽ ጥርስ ከዝሆን ጥርስና ከወርቅ የሚሠራ የሀብታም ዕቃ ነበር። ቩልካናይት ጥርስን ለተራው ሰው አወረደው። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ የጉድይር የጥርስ ቩልካናይት ኩባንያ የፈጠራ መብቱን ይዞ ከየጥርስ ሐኪሙ የፈቃድ ገንዘብ ይሰበስብ፣ ያልከፈለውን ይከስ ጀመር። ጠቡ ከርሮ እ.ኤ.አ. በ1879 የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ጆሳያ ቤከን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ ጥርስ ሐኪም ተገደለ። ለዛሬው ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የአክሪሊክን፣ የሰምንና የፖርሴሊንን ዋጋ አስመጪው ብቻውን ሲቆርጥ፣ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ተለያይተው የተቀመጡ ሦስት ቴክኒሻኖች ምንም ሊሉ አይችሉም። ተባብረው በአንድ ላይ የሚገዙ ከሆነ ግን ይደመጣሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ከዋጋ የሚከብድ ደግሞ አለ፤ ሳንባ። ቴክኒሻን ሲሞርድ የሚበነው አቧራ ተራ አቧራ አይደለም። ብረት የሚፈስበት ሻጋታ ሲሊካ አለበት፤ የሚሞረደው ብረት ኮባልትና ክሮም ነው። ይህን ዓመታት የሚተነፍስ ሰው ሲሊኮሲስና መሰል የሳንባ በሽታዎች ይዘውታል። ሲሊኮሲስ መድኃኒት የለውም፤ የጠነከረው የሳንባ ሥጋ ተመልሶ አይለሰልስም። አክሪሊክ የሚለወስበት ፈሳሽ ደግሞ ሽታው ራስ ያማል፣ እጅን ያቆስላል። መከላከያው የታወቀ ነው፦ አቧራ የሚስብ ማሽን፣ ትክክለኛ ማስክ፣ አየር የሚያገኝ ክፍል። ደብረ ማርቆስ ብርዷ ከባድ ነው፤ መስኮት ዘግቶ መሞረድ ይቀላል። አንድ ተቀጣሪ ቴክኒሻን ብቻውን ሄዶ «አቧራ መሳቢያ ግዛልኝ» ቢል ነገ ሌላ ይቀጠርበታል። ይህን ጥያቄ ሳይባረር ሊያቀርብ የሚችለው ማኅበር ነው።

ታዲያ ምን ይከለክላል? ሕጉ አይከለክልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ለማንኛውም ዓላማ የመደራጀት መብት ይሰጣል። ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራትን ከመብት ሥራ ያገደው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሯል። አዲሱ አዋጅ ማኅበርን ሲተረጉም አምስት ወይም ከዚያ በላይ አባላት ያሉት፣ በጠቅላላ ጉባኤ የሚመራ ድርጅት ይለዋል። አምስት ሰው! በእድርና በጽዋ ማኅበር ባደገ አገር አምስት ሰው መሰብሰብ ሊያቅት ነው?

የሚከለክለው ልማድ ነው። ማኅበር ሁሉ አዲስ አበባ ተወልዶ ወደ ክልል «ቅርንጫፍ» ሆኖ እንዲወርድ ይጠበቃል። አንድ ማኅበር የተወለደበት መንገድ ግን ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። ከላይ በደብዳቤ የተወለደ በደብዳቤ ይሞታል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርን ታሪክ ማየት ይበቃል። በ1941 ዓ.ም የተመሠረተው ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም የትምህርት ዘርፍ ክለሳውን ተቃውሞ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ አገር ተንቀሳቅሷል፤ ጉልበቱ በየትምህርት ቤቱ ያለው መምህር ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡ መንግሥታት ማኅበሩን በእጃቸው ለማስገባት የደከሙት፣ በኢሕአዴግ ዘመንም ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ለዓመታት እስር ቤት የቆዩት በከንቱ አይደለም። ባዶ ማኅተም ብቻ ያለውን ማኅበር ማንም አይፈራውም፤ ማንም አይፈልገውም።

ትችቱ ለሌላው ብቻ አይደለም፤ ለቴክኒሻኖቹም ድርሻ አላቸው። ማኅበር ሲባል አበልና ስብሰባ ብቻ የሚታያቸው አሉ። ማኅበሩን ከፈቃድ ማምለጫ ጋሻ ሊያደርጉት የሚያስቡም አይጠፉም፦ ያለ ሐኪም ምርመራ ጓዳ ውስጥ ልክ ወስዶ፣ በቀረ ሥር ላይ፣ በታመመ ድድ ላይ ጥርስ መለጠፍ። በእርግጥ ቴክኒሻን በቀጥታ ታካሚ እንዲያገለግል የተፈቀደባቸው አገሮች አሉ። የአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ እ.ኤ.አ. በ1957 በሕግ ፈቅዳለች፤ የአሜሪካዋ ኦሬገን እ.ኤ.አ. በ1978 በሕዝብ ድምፅ አጽድቃለች። ነገር ግን በእነዚያ ቦታዎች ፈቃዱ የመጣው ከሥልጠናና ከምዝገባ ጋር ነው። ሥልጠናውን ሳይዙ ፈቃዱን ብቻ መጠየቅ ሰውን መጉዳት ነው፤ አፍ ውስጥ ያልታየ ካንሰር ላይ ጥርስ ሊገጠም ይችላልና። የጥርስ ሐኪሞች ይህን ሥጋት ሲያነሡ እውነት አላቸው። ለሥጋቱ መልሱ ግን ቴክኒሻኑን ስም አልባ አድርጎ ማቆየት ሊሆን አይችልም። ስም የሌለው ሰው በምን ይጠየቃል? ሥራው ጠፍቶ ሲገኝ የሚቀጣው፣ ሲያምር የሚያመሰግነው መዝገብ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ክርክር ከሁሉም የሚያሳዝነው ነው፦ በዚህ ጊዜ ማን ስለ ጥርስ ያስባል? ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት፣ ሰው በሕይወት ስለማደር ብቻ የሚያስብበት ጊዜ እንደሆነ ማንም አይክድም። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ ነው የአካባቢ ባለሙያ ዋጋው የሚታወቀው። ዓባይን መሻገር ሲያቅት ልክ አይላክም፣ የተሠራ ጥርስ አይመጣም፣ ጥርሱ የወለቀበት ሽማግሌ ሽሮና አጥሚት ላይ ይቀራል። ፊቱና መንጋጋው በጥይት ወይም በፍንጣሪ የተጎዳ ሰውም እንደገና እንዲያኝክ የሚያደርገው ከቀዶ ሐኪሙ በኋላ ይኸው ቴክኒሻን ነው። ጊዜው ክፉ ስለሆነ እንተወው የሚል ሰው፣ ሙያው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይሙት እያለ ነው።

ስለዚህ ይጀመር። ፌዴራል እስኪፈቅድ፣ ለጋሽ እስኪመጣ፣ አዳራሽ እስኪከራይ አይጠበቅ። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር የሚመዘገበው በክልሉ አካል ነው፤ መንገዱ ቅርብ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ሥራውም ሦስት ይበቃዋል። አንደኛ፣ ከላቦራቶሪ የሚወጣ እያንዳንዱ ጥርስ የሠሪውን ስም፣ የዕቃውን ዓይነትና ቀኑን የያዘ ወረቀት ይዞ ይውጣ፤ ታካሚውም ቅጂው ይሰጠው። ሁለተኛ፣ አቧራ መሳቢያ በሌለበት ክፍል ማንም አባል ብረት አይሞርድ። ሦስተኛ፣ ዕቃ በጋራ ይገዛ፤ ከትርፉም ተለማማጅ ወጣት ይሠልጥን።

የጥርስ ሐኪሞችም ይህን ማኅበር እንደ ተቀናቃኝ ከማየት ይልቅ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ቢገኙ ያተርፋሉ፤ ክፉ ጥርስ ሲመለስ ዛሬ የሚሰደበው ሐኪሙ ብቻ ነውና። ታካሚው ደግሞ ከነገ ጀምሮ አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። ጥርሱን ሲረከብ ይጠይቅ፦ ይህን የሠራው ማን ነው? ጥያቄው ሲበዛ መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።