ክብ የሌለው አደባባይ

ባለፈው ሳምንት ነው። ከእኛ መካከል ሁለታችን በሚኒባስ ወደ ቤት እየሄድን ነበር። ታክሲያችን አንድ ሰፊ የመንገድ መጋጠሚያ ላይ ደረሰ። ቦታው ድሮ መሐሉ ላይ ክብ ነበረው። ክቡ ፈርሶ የትራፊክ መብራት ተተከለ። የዚያን ዕለት ደግሞ መብራቱ ጠፍቷል። ከግራ በኩል አንዲት የቤት መኪና መጣች። ሾፌራችን አልቆመም፤ እሷም አልቆመችም። ጓ! ደግነቱ ከመኪኖቹ ቀለም በቀር የተጎዳ አልነበረም።

ሁለቱ ሾፌሮች ወረዱ።

“አደባባይ ነው እኮ! አደባባይ ላይ ቅድሚያ ከግራ ለሚመጣው ነው!”

“የታለ አደባባዩ? እስቲ አሳየኝ! ይሄ መስቀለኛ መንገድ ነው። እኔ በቀኝህ ነኝ፤ ቅድሚያው የኔ ነው!”

ረዳታችን ሾፌሩን የሚያግዝ መስሎት ጣልቃ ገባና ነገሩን አባሰው፦ “ሰዉ ግን አደባባይ ነው የሚለው።” ሳቅ ሆነ። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን ለቀቀው። የመንገዱ ዳር ላይ ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት ቆመው ይጠብቃሉ። ለማንም ሳይሆን ለሁሉም “ልጆቼ፣ ለእኔስ የሚቆምልኝ የትኛው ነው?” አሉ። የመለሰላቸው አልነበረም። እኛም አልመለስንላቸውም።

እና አንባቢ ሆይ፣ ከሁለቱ ሾፌሮች ማን ትክክል ነው? ሁለቱም የተናገሩት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሲማሩ የሸመደዱትን ነው። አደባባይ ከሆነ በግራ ያለው ያልፋል። ምልክት የሌለበት እኩል መስቀለኛ መንገድ ከሆነ በቀኝ ያለው ያልፋል። ሕጉ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው ቦታው ምን እንደሆነ ነው። የተጣሉት በሕግ ሳይሆን በስም ነው።

“ስም ምን ያደርጋል?”

ነገሩን ለጓደኞቻችን ስንነግራቸው የመጣው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፦ “ሰው በመኪና እያለቀ እናንተ የመንገድ ስም ታወጣላችሁ?” ሁለተኛው፣ መሐንዲስ ከሆነው ጓደኛችን የመጣው፦ “በእንግሊዝኛ እኮ ሁሉም ስም አለው፤ ራውንድአባውት፣ ኢንተርቼንጅ፣ ምናምን። ምን ጎደላችሁ?”

ለሁለቱም መልስ አለን። ግን መጀመሪያ የቤታችንን ጉድ እንይ።

“አደባባይ” የቆየ ቃል ነው። ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ፍርድ የሚሰማበት፣ ነገር በግልጽ የሚወጣበት ቦታ ነበር። ዛሬም “ጉዳዩን አደባባይ አወጣው” ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው። መኪና ሲመጣ ሐውልት መሐል ላይ፣ መንገድ ዙሪያውን ሆነና ያንንም አደባባይ አልነው። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎን ተመልከቱ፤ ሐውልቱም፣ ክቡም፣ የሕዝቡ ቦታም አንድ ላይ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ቃሉ አልበደለም።

ችግሩ የመጣው ነገሮቹ ሲለያዩ ነው። መስቀል አደባባይ በአሮጌው ትርጉም አደባባይ ነው፤ ሰው ይሰበሰብበታል፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ታድሶ ተመርቋል። መኪና የሚዞርበት ክብ ግን አይደለም። ሜክሲኮ በተቃራኒው ክብ ነበረው፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር መስመር ሲዘረጋ ክቡ ሄደ፤ “ሜክሲኮ አደባባይ” የሚለው ግን አለ። በየአዲሱ ሰፈር ደግሞ ሣር የበቀለባት ትንሽ ክብ አለች፤ ሰው የማይሰበሰብባት፣ ሐውልት የሌላት። እሷም አደባባይ ናት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ለሰው ይመስለን ነበር፤ ለካ ለክብም ነው።

“ማሳለጫ”ም ያው ነው። ጎተራ ላይ መንገዱ ተደራርቦ፣ ተጠማዝዞ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ የሚያልፍበትን ማሳለጫ አልነው። ጥሩ ቃል ነው፤ ሥራውን ይናገራል። ቀጥሎ ግን አንድ ተራ ድልድይ መንገድ ባቋረጠ ቁጥር ማሳለጫ እያልን ቃሉን ጨረስነው። ቀለበት መንገዳችን እንኳ ሲመረቅ ቀለበቱ አልገጠመም ነበር!

አማርኛ ቃል አጥሮት አይደለም። መንታ መንገድ አለ፣ መስቀለኛ አለ፣ መታጠፊያ አለ፣ ማዞሪያ አለ፣ መገናኛ አለ። “መገናኛ” እና “ሃያ ሁለት ማዞሪያ” እኮ ቃላቸው የቦታ ዓይነት ነበር። የሰፈር ስም ሆነው ቀሩና ዓይነቱ ያለ ስም ቀረ።

ስም ያገኘ ሲስፋፋ፣ ያላገኘ ሲቀር

አሁን “ስም ምን ያደርጋል” ላለን ጓደኛችን።

ፓሪስ ውስጥ የድል ቅስቱን የሚዞረውን ትልቅ ክብ ሁሉም በፊልም አይቶታል። እዚያ ክብ ላይ ቅድሚያ ያለው ከውጭ የሚገባው መኪና ነው፤ ውስጥ ያለው ይቆማል። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቃራኒውን ደነገጉ፦ ውስጥ ያለው ይለፍ፣ የሚገባው ይጠብቅ። ሁለቱን ከላይ ፎቶ ብታነሷቸው ሁለቱም ክብ ናቸው። ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። የሚገባው ቅድሚያ ሲያገኝ ክቡ ይሞላል፣ ከሞላ በኋላ ማንም አይወጣም። የሚገባው ሲጠብቅ ክቡ ይተነፍሳል። ስለዚህ “ክብ” ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። መንገድን መሰየም ማለት ቅርጹን መሣል ሳይሆን ማን ለማን እንደሚቆም መናገር ነው።

ሌላ እንጨምር። ሁለት መንገዶች በድልድይ ሲተላለፉ፣ የላይኛው መንገድ መኪኖች ድልድዩ ላይ ለጥቂት ሜትሮች ጎን ይለዋወጣሉ፤ በቀኝ የሚነዳው በግራ ሄዶ እንደገና ወደ ቀኙ ይመለሳል። እብደት ይመስላል። ጥቅሙ ግን ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ከፊት የሚመጣውን ሳያቋርጥ መታጠፉ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ቬርሳይ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነበር። ማን ሰማው? ማንም። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ “ዳይቨርጂንግ ዳይመንድ” ብሎ ስም ሰጠው፣ ትርጉሙንም ጻፈ። በ2009 ሚዙሪ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ ላይ ተሠራ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከ100 በላይ አሉ። ስም ብቻውን አላስፋፋውም፤ ገንዘብም ጥናትም አለበት። ግን ስም የሌለውን ነገር ማን ያጠናዋል? ማንስ በጀት ይጠይቅለታል?

ስም የሚያወጣው መሐንዲስ ብቻም አይደለም። ስዊንደን የተባለች የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 አምስት ትንንሽ ክቦች በአንድ ትልቅ ክብ ዙሪያ ተደረደሩ። የመዝገብ ስሙ ሌላ ነበር። ሕዝቡ በአንድ የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስም “ማጂክ ራውንድአባውት” አለው፤ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ተሸንፎ ይህንኑ ተቀበለ። በዚያው ዓመት በርሚንግሃም ላይ የተከፈተውን የመንገድ ክምር ደግሞ “ስፓጌቲ” አሉት። ኒው ጀርሲዎች ወደ ግራ ለመታጠፍ መጀመሪያ በቀኝ ወጥተው የሚዞሩበትን ጥምዝ በገንቦ እጀታ ሰይመውታል። የእኛ ሰው ቢያየው የጀበና ጆሮ ይለው ነበር። እና ለምን አንልም?

ፊደል እያለን

ይህ ለመሐንዲሱ ጓደኛችን ነው። የእንግሊዝኛው ስም ለቢሮው ይበቃዋል። ለሚኒባስ ሾፌሩ ግን አይበቃውም፤ ለፈተናው የሸመደደውን በማግሥቱ ይረሳዋል። እንግሊዞች ሦስት መንገድ ሲገጥም “ቲ” ይሉታል፤ ቅርጹ የፊደላቸው ስለሆነ ሕፃንም ይገባዋል። እኛም ያንኑ “ቲ” ይዘን እንዞራለን፣ ከ200 በላይ ፊደል ተሸክመን!

እስቲ ፊደል ገበታውን አውጡ። “ተ” መስቀለኛ መንገድ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ሥዕል የለም። “ዐ” ንጹሕ ክብ ነው። “ፀ” መሐሉን ቀጥ ያለ መንገድ የሚሰነጥቀው ክብ ነው። “መ” ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ክቦች ናቸው፤ እንዲህ ያለ በየድልድዩ ግራና ቀኝ በብዙ አገር ይሠራል። “ፐ” የእነርሱ “ቲ” የቅርብ ዘመድ ነው። የተቆለማመሙት ማሳለጫዎች ደግሞ የቤታችንን ዕቃ ይውሰዱ፤ የጀበና ጆሮ፣ መለከት፣ የማገጥ ቅጠል። ማገጥን የማያውቅ የከተማ ልጅ አያቱን ይጠይቅ።

እየቀለድን አይደለም። “ዐ መንገድ፦ ከግራህ ላለው ቁም። ተ መንገድ፦ መብራት ከጠፋና ሌላ ምልክት ከሌለ ከቀኝህ ላለው ቁም።” ይህን የሚረሳ ሾፌር አለ? የኛዎቹ ሁለት ሾፌሮች “ይሄ ዐ ነው ወይስ ተ?” ቢባሉ ክርክሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ ወደ መሐል ማየት ብቻ ነው። ክብ የለም። ተ ነው። አለቀ።

ከሄሊኮፕተር የወጣ ስም

እዚህ ላይ ግን ራሳችንንም እንጠይቅ። ከላይ የደረደርናቸው ስሞች ሁሉ አንድ ጉድለት አለባቸው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የመንገድን ስም ግን የሚያወጣው ሄሊኮፕተር ነው። ቅጠል፣ አልማዝ፣ ስፓጌቲ፣ የእኛ “ፀ” እና “መ” ጭምር ከሰማይ የታዩ ናቸው። ቅጠሉን መሬት ላይ ቆሞ ያየ የለም። በእግሩ የሚሄድ ሰው የሚያየው ግንብ፣ የብረት አጥር፣ የማያልቅ ኩርባና ፍሬን መያዝ የረሳ መኪና ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ የእግረኛ ከተማ ናት። በመኪና አደጋ ከሚሞቱባት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ቀለበት መንገዱን አጥር ዘሎ የሚያቋርጠውን ሰው “ሥነ ሥርዓት የለውም” ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ከዚህኛው ወገን ወደዚያኛው ለማለፍ ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬደው የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። መኪናው የሚያልፍበት ሁሉ ስም አለው፤ መወጣጫ፣ መውረጃ፣ ማሳለጫ። እግረኛው የሚያልፍበት ስሙ “ዜብራ” ነው፣ እሱም ቀለሙ ካልጠፋ።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። የከተማዋ የመንገድና የትራፊክ ኃላፊዎች የመጋጠሚያ ዓይነቶችን በአማርኛ ይሰይሙ፤ በየአንዳንዱም ሥር ሦስት ነገር ይጻፉ። ምን ይመስላል? ማን ለማን ይቆማል? እግረኛ የት ያልፋል? ሦስተኛው ያልተመለሰለት መጋጠሚያ አልተሠራም ማለት ነው፣ ሪባን ተቆርጦለት ቢሆንም። የሰፈሩ ስም እንዳለ ይቆይ፤ ሜክሲኮ ሜክሲኮ ነው። ክብ ፈርሶ መብራት ሲተከል ግን ዓይነቱ ተቀይሯልና መግቢያው ላይ በትልቅ ምልክት ይነገረን። መንጃ ፈቃድ የሚያስተምሩትም ወረቀት ላይ ከተሣለው አደባባይ ወጥተው ያለውን ከተማ ያስተምሩ።

ስም ፍሬን አይዝም፤ እናውቃለን። ነገር ግን ስም የሌለው ግዴታ የማንም ግዴታ አይደለም። ሁለቱ ሾፌሮች ለግማሽ ሰዓት ሲጨቃጨቁ ቢያንስ የሚጨቃጨቁበት ቃል ነበራቸው፤ “ግራ ነኝ”፣ “ቀኝ ነኝ”። ዘንቢል የያዙት እናት ግራም ቀኝም አልነበሩም። በመጨረሻ የተሻገሩት መኪኖቹ በጭቅጭቁ መንገዱን ስለዘጉት ነው። ግጭት ባይኖር እስከ አሁንም እዚያው በቆሙ ነበር።