ታንኳ የት ትደር?

እኔ የኪራሙ ልጅ ነኝ። ከአገራችን ቆላ ግርጌ የሚፈሰው ዓባይ ከጣና እንደሚወጣ በትምህርት ቤት ተምሬ ነበር፤ ጣናን በዓይኔ ያየሁት ግን ለትምህርት ባሕር ዳር ከመጣሁ ወዲህ ነው።

በዚያም አንድ ነገር ታዘብሁ። የደንገል ታንኳ ሥራዋን ስትፈጽም እንደ እንጨት ጀልባ ውሃ ላይ ታስራ አታድርም። ደንገል ውሃ ይጠጣልና ባለቤቷ ወደ ዳር ጎትቶ፣ አቁሞ፣ አንጠፍጥፎ ለፀሐይ ይሰጣታል። ያልደረቀች ታንኳ ትከብዳለች፤ ቶሎም ትበሰብሳለች። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. በጣና ደንገል ያሠራት «ራ» የተባለችው ጀልባ እንኳ በአትላንቲክ ላይ ውሃ ጠጥታ መንገዷን ሳትፈጽም ቀርታለች።

እንግዲህ ማድረቂያው ዳርቻ ከራሷ ከታንኳይቱ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። በሐይቁ ዳር ሆቴልና መዝናኛ መሠራቱን አልቃወምም። ነገር ግን ለወንበርና ለጥላ ቦታ ሲለካ ለታንኳ ጥቂት ክንድ መሬት ካልተተወላት፣ ወይጦው ዓሣ አስጋሪ የት ያሳድራት?

«የሞተር ጀልባ ባለበት ዘመን ደንገል ምን ይሠራል?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ሞተር የሚገዛ ይግዛ፤ ደንገል ግን ከዚያው ከዳር የሚታጨድ የድኻ ጀልባ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ታንኳን በግድግዳ ሥዕል እያከበሩ ማደሪያ መንሳት ግን ክብር አይባልም።

እናንተ ነገ የከተማ ፕላን የምትነድፉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ከወረቀታችሁ ጥግ ለታንኳም ማደሪያ አኑሩላት።