ሥጋን በሕይወት የሚያቆየው ምንድር ነው?

ሰውን በሕይወት የሚያቆየው ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው ሳያመነታ «እንጀራ ነው» ይላል። የነፍስን ነገር ለሊቃውንት ትተን የሥጋን ብቻ ብንመረምር ግን እንጀራን በተራ ኋለኛ ኾኖ እናገኘዋለን። አየር ያጣ ሰው በጥቂት ደቂቃ፤ ውሃ ያጣ በጥቂት ቀን ይሞታል፤ እህል ያጣ ግን ውሃ ካገኘ ብዙ ሳምንት ሊሰነብት ይችላል።

ምክንያቱም ይኽ ነው። ከጐልማሳ ሰው ክብደት ከ100 እጅ 60 የሚያኽለው፤ ከአራስ ሕፃን ደግሞ 75 የሚያኽለው ውሃ ነው። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያኽል እየመታ ደምን ይገፋል፤ ደሙም አየርንና ምግብን ሙቀትንም ለብልቶች ኹሉ ያደርሳል። ውሃና ጨው እጅግ ሲጐድል ግን ደሙ ያንሳል፤ ልብም የሚገፋውን ያጣል።

የቆቦና የራያ ቆላ ገበሬ ይኽን በየቀኑ ያየዋል። በፀሓይ ሐሩር ሲያርስ የዋለ ሰው በ1 ሰዓት እስከ 1 ሊትር ላብ ሊያፈስ ይችላል። ላቡ ሲደርቅ ሥጋውን ስለሚያበርደው ሙቀቱ በ37 ዲግሪ አካባቢ ይጠበቃል፤ ይኹን እንጂ የፈሰሰው ውሃና ጨው ካልተተካ ይደክማል፤ ይወድቅማል።

ብርድም እንደ ሐሩር ይገድላል። በ1977 ዓመተ ምሕረት በረኃቡ ጊዜ ከዚኹ ሜዳ በላይ ባለው በኮረም ደጋ እጅግ ብዙ ችግረኛ ተሰብስቦ ነበር። የከሳ ሥጋ ሙቀት የሚያነድበት ስብ የለውምና፤ መጠለያና ልብስ ያጣው ሕዝብ በረኃብ ብቻ ሳይኾን በሌሊት ብርድ፤ በተቅማጥና በተላላፊ በሽታም አለቀ። ስለዚህ ችግረኛን እንዲረዳ የታዘዘ ሹም እህሉን ከመቍጠሩ ጋራ ንጹሕ ውሃውንና ብርድ ልብሱን ይቍጠር።

በቤትም «ውሃ ቢጠጣ ይብስበታል» ብለው ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን የሚከለክሉ አሉ፤ ይኽ እጅግ አደገኛ ነው። በ1963 ዓመተ ምሕረት ከባንግላዴሽ ወደ ሕንድ የተሰደደው ሕዝብ በኮሌራ ሲያልቅ፤ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ እንዲያጠጧቸው አደረገ። ከ100 በሽተኛ 30 ያኽል ይሞት የነበረው ወደ 4 ያኽል ወረደ፤ ስኳሩ ጨውንና ውሃን ከአንጀት ወደ ደም እንዲገቡ ይረዳልና።

ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የተመጠነ ዱቄት ይበልጣል። እርሱ ከታጣ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ነው፤ ጡትም አይቋረጥ። ጨው ከልኩ ቢያልፍ ይጐዳል። ዓይኑ የጐደጐደ፤ ሽንቱ የቀነሰ፤ ወይም መጠጣት ያቃተው ሕፃን ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።