አስታማሚዋን ማን ያስታምማት?

በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወንድም ካለን፣ ወደ አገር ቤት ስንደውል አዘውትረን የምንጠይቀው «መድኃኒቱን በሥርዓቱ ይወስዳል?» ብለን ነው። ስልኩን ያነሣችውን እኅታችንን ግን «አንቺስ እንቅልፍ ታገኛለሽ?» ብለን የምንጠይቃት ስንቶቻችን ነን?

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ ስኪዞፍሬንያ በዓለም ላይ ከ300 ሰዎች 1 ያህሉን ያጠቃል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ቤተሰብ ከልጁ እገዛ መጠበቅ በሚጀምርበት ወቅት ነው። የልጁ ገቢ ሲቋረጥ የሚያስታምመውም ሰው ሥራውን ይተዋል፤ አንድ ቤት በአንድ ሕመም ሁለት ሠራተኛ ያጣል። በገጠር አንዳንድ ቤተሰቦች ታማሚውን በሰንሰለት እስከ ማሰር የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ከጭካኔ ሳይሆን ሌላ አማራጭ ከማጣት የተነሣ ነው።

ሸክሙን ማቅለል ግን ይቻላል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ታማሚዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ታማሚውንም ቤተሰቡንም ሲያግዙ ቆዩ። ከ12 ወራት በኋላ እነዚህ ታማሚዎች የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት ችለዋል። መድኃኒት አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

«እኛ ገንዘብ እንልካለን» የሚል መልስ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ገንዘቡ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሕመሙ ባገረሸ ቁጥር ብቻ የሚላክ ገንዘብ የእሳት ማጥፊያ እንጂ እገዛ አይደለም። ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ተነጋግረው በየወሩ የተወሰነ መዋጮ ቢመድቡ፣ ከዚያም ላይ በሳምንት አንድ ቀን አስታማሚዋን ለሚተካ ሰው ቢከፍሉ፣ እርሷ ታርፋለች። ከሩቅ ሆኖ አንዱ «ጸበል ውሰዱት»፣ ሌላው «ሆስፒታል አስገቡት» እያለ የሚያደርገው ክርክርም ይቁም። ጸበሉና መድኃኒቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ፤ በሁለቱ መካከል የምትጎተተው ግን ታማሚውን የያዘችው እኅት ናት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስንደውል ስለ መድኃኒቱ ከመጠየቃችን በፊት ስለ እርሷ እንጠይቅ።