ታችዳውን አይግዙ፤ ታርጌት ይግዙ

እንደሚታወቀው ነጋዴ ሰው የሚሸጥ ሱቅ ሲያይ ባለሱቁ ባለፈው ሳምንት በአንድ ትልቅ ሽያጭ ያገኘውን ትርፍ ሰምቶ ብቻ ዋጋ አይቆርጥም። በር ላይ ቆሞ ደንበኛ ይቆጥራል። ማክሰኞ ስንት ሰው ገባ? ሐሙስስ? የገባው ገዝቶ ወጣ ወይስ ዞር ዞር ብሎ ሄደ? ብሎ ይጠይቃል። ይኸው ሰው ግን የአሜሪካ ፋንታሲ ፉትቦል ቡድኑን ለማሰለፍ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይሆናል። ባለፈው እሁድ ሁለት ታችዳውን ያስቆጠረውን ተጫዋች ያሰልፍና አሥራ ሁለት ጊዜ ኳስ የተወረወረለትን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀምጣል። ይህ ልማድ ገንዘብ ያስበላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም በአኃዝ አስደግፌ አቀርባለሁ።

«ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ለሚኖረው ወገናችን ነገሩ እንግዳ አይደለም። የሥራ ባልደረቦችና ወዳጆች የውድድሩ ዘመን ሲጀመር ገንዘብ አዋጥተው ሊግ ይመሠርታሉ፤ መጨረሻ ላይ አሸናፊው ይወስዳል። አዲስ አበባ ሆኖ ከነሱ ጋር የሚጫወትም ቢኖር የእሁዱ ጨዋታ የሚጀመረው በመስከረም ወር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነውና ከሥራው ጋር አይጋጭበትም። ከገንዘቡም ባሻገር ጉዳዩ ያልተሟላ መረጃ ይዞ በቀጠሮ ሰዓት ስለ መወሰን ነው፤ ይህ ደግሞ የዚህ ገጽ አንባቢ የዕለት እንጀራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው በአጭሩ

ፋንታሲ ፉትቦል የዛሬ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የኦክላንድ ሬይደርስ ባለድርሻ የነበረው ቢል ዊንከንባክ ከጓደኞቹ ጋር ኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ ደንቡን አረቀቀ፤ የመጀመሪያው የተጫዋቾች ምርጫም በ1963 ተካሄደ። ተሳታፊው ከተለያዩ ቡድኖች እውነተኛ ተጫዋቾችን ይመርጣል፤ በየሳምንቱ ማንን እንደሚያሰልፍ ይወስናል፤ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ የሠሩት ወደ ነጥብ ይለወጣል። በተለመደው ስሌት በኳስ ተቀባይነት ለተገኘ እያንዳንዱ 10 ያርድ አንድ ነጥብ፣ ለታችዳውን ስድስት ነጥብ ይሰጣል። ብዙ ሊጎች ደግሞ ለተያዘው እያንዳንዱ ኳስ አንድ ነጥብ ይጨምራሉ።

የአሜሪካ ኮንግረስ በ2006 በኢንተርኔት ቁማር ላይ ሕግ ሲያወጣ ፋንታሲን በተወሰኑ ሁኔታዎች ከውርርድ ትርጉም ውጪ አድርጎታል። ከሁኔታዎቹ አንዱ ውጤቱ የተሳታፊውን ዕውቀትና ችሎታ የሚያንፀባርቅ መሆኑ ነው። እንግዲህ ባለፈው እሁድ ማን አስቆጠረ ብሎ ብቻ የሚያሰልፍ ሰው ዕውቀቱ የቱ ላይ ነው? ችሎታውስ?

ታርጌት ምንድን ነው?

ኳርተርባክ የሚባለው ኳስ ወርዋሪ ኳሱን ወደ አንድ ተቀባይ በላከ ቁጥር፣ ተቀባዩ ያዘውም ሳተውም፣ ለዚያ ተቀባይ አንድ ታርጌት ይመዘገባል። ከሱቁ ጋር ብናመሳስለው ታርጌት በበሩ የገባው ደንበኛ ነው። የተያዘው ኳስ የተፈጸመ ሽያጭ ነው። ታችዳውን ደግሞ አልፎ አልፎ የሚመጣ ትልቅ ግዢ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ መቼ እንደሚመጣ ግን ባለሱቁም አያውቅም።

ታርጌት ከታችዳውን ይልቅ ለትንበያ የሚታመንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኳስ ወደ ማን እንደሚላክ የሚወሰነው አሠልጣኙ በነደፈው ስልት፣ ኳርተርባኩ በተቀባዩ ላይ ባለው እምነትና ተቀባዩ ከተከላካይ ለመላቀቅ ባለው ብቃት ነው። እነዚህ በአንድ ሳምንት አይለወጡም። በአንድ ጨዋታ ስምንት ወይም አሥር ታርጌት ሊገኝ ስለሚችልም ቁጥሩ ቶሎ ይጠራቀማል። ታችዳውን ግን በጨዋታ አንድ ወይም ዜሮ ነው፤ አንድ ያርድ ሲቀር መጣል ወይም አለመጣል ስድስት ነጥብ ይለያያል።

የዲትሮይቱ ካልቪን ጆንሰን ጥሩ ምስክር ነው። በ2011 ዓ.ም. 16 ታችዳውን አስቆጠረ። በ2012 ከ200 በላይ ታርጌት ተልኮለት 1,964 ያርድ በመሰብሰብ የጄሪ ራይስን የ1995 ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ታችዳውኑ ግን 5 ብቻ ነበር። ከመስመሩ ጥቂት ሲቀረው በተደጋጋሚ ተጥሏል። ሰውየው ደከመ ያለ ካለ በ2013 ተሳስቷል፤ 12 አስቆጥሯልና። ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ ገበያው ግን ከበሩ አልራቀም ነበር።

ቀድሞ ያየ ቀድሞ ገዛ

ታርጌት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ገበያው ገና ሳይነቃ ነው። በ2023 የሎስ አንጀለስ ራምስ ፑካ ናኩዋ የሚባል ጀማሪ ነበረው፤ በአምስተኛው ዙር በ177ኛ ተራ የተመረጠ፣ ብዙ ሰው ስሙን ያልሰማው ልጅ። የቡድኑ ዋና ተቀባይ ኩፐር ካፕ ተጎድቶ ስለነበር ናኩዋ በመጀመሪያው ጨዋታ 15 ታርጌት ተላከለት፤ 10 ይዞ 119 ያርድ ሄደ። በሁለተኛው 20 ታርጌት፤ 15 ይዞ 147 ያርድ። ታችዳውን በሁለቱም የለም!

ታችዳውን የሚቆጥር ሰው ከስሙ አጠገብ ዜሮ አይቶ አለፈው። ደንበኛ የሚቆጥር ሰው ግን በሁለት ሳምንት 35 ሰው በበሩ እንደገባ አየ። ልጁ የመጀመሪያ ታችዳውኑን ያስቆጠረው በአራተኛው ሳምንት ኢንዲያናፖሊስ ላይ በተጨማሪ ሰዓት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ዘመኑን በ160 ታርጌት፣ በ105 የተያዘ ኳስና በ1,486 ያርድ ሲጨርስ የኋለኞቹ ሁለቱ ለጀማሪ በወቅቱ ክብረ ወሰን ነበሩ።

ተቃራኒውንም እንይ። የግሪን ቤዩ ሮበርት ቶንያን በ2020 በ59 ታርጌት ብቻ 11 ታችዳውን አስቆጠረ። ይህ በጥቂት ደንበኛ የተገኘ ትልቅ ትርፍ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጉልበቱ ተጎድቶ ከመውጣቱ በፊት በ8 ጨዋታ 2 ብቻ አገኘ። ጉዳቱ የቀረውን ዘመን ነጥቆታል፤ ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ ስምንት ጨዋታዎች ያለፈውን ዓመት ዋጋ አላወጡም።

«ላም አለኝ በሰማይ»

አሁን ወደ ተቃዋሚዎች ሙግት እንምጣ፤ ጠንካራ ነውና መሸሽ አያስፈልግም። ታርጌት ሁሉ እኩል አይደለም ይላሉ። እውነት ነው። በሩን የሞላው ሰው ሁሉ ገዢ እንዳልሆነ እናውቃለን።

የፒትስበርጉ ዲዮንቴ ጆንሰን በ2022 147 ታርጌት ተልኮለት 86 ያዘ፣ 882 ያርድ ሄደ፣ ታችዳውን ግን አንድም አላገኘም። የኒውዮርክ ጄትሱ ጋሬት ዊልሰን በ2023 168 ታርጌት ነበረው። ነገር ግን ኳሱን ሊልክለት የመጣው አሮን ሮጀርስ ዘመኑ በተከፈተ በአራተኛው እንቅስቃሴ የእግሩ ጅማት ተበጥሶ ወጣ፤ ዊልሰንም 95 ይዞ 1,042 ያርድና 3 ታችዳውን ብቻ አገኘ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ለተያዘ ኳስ አንድ ነጥብ በሚሰጥ ሊግ ሂሳቡን ብንሠራ ጆንሰን በአንድ ታርጌት 1.19 ነጥብ፣ ዊልሰን 1.29 ነጥብ አስገኙ። በ2021 በ191 ታርጌት 145 ኳስ ይዞ 1,947 ያርድና 16 ታችዳውን ያገኘው ኩፐር ካፕ ግን በአንድ ታርጌት 2.28 ነጥብ ሰጥቷል። የዋሽንግተኑ ቴሪ መክሎሪንም ሊጠቀስ ይገባል። በ2023 በ132 ታርጌት 79 ይዞ 1,002 ያርድና 4 ታችዳውን ነበረው። በ2024 ጄይደን ዳንኤልስ የሚባል ጀማሪ ኳርተርባክ ሲመጣ ታርጌቱ ወደ 117 ወረደ፤ የያዘው 82፣ ያርዱ 1,096፣ ታችዳውኑ ግን 13 ሆነ። በአንድ ታርጌት ከ1.54 ወደ 2.30 ነጥብ አደገ ማለት ነው።

ታዲያ ሙግቱ ፈረሰ? አልፈረሰም። ዊልሰን ያን ሁሉ ችግር ተሸክሞ እንኳ 217 ነጥብ አምጥቷል፤ ብዛቱ ከውድቀት አዳነው። የተቃዋሚዎቹ ምሳሌ የሚያሳየው ታርጌት የሂሳቡ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ደንበኛ ከቆጠርን በኋላ ምን ዓይነት ደንበኛ እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

እሁድ ከመድረሱ በፊት

አንድ፦ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ድርሻውን ይመልከቱ። ቡድኑ 40 ጊዜ ወርውሮ 10 የተላከለት ተጫዋች ድርሻው 25 በመቶ ነው። 25 ጊዜ ወርውሮ 8 የተላከለት ግን 32 በመቶ ይዟል። የመጀመሪያው ቡድን ሲመራ መወርወሩን ይቀንስና ተጫዋቹ ሊራብ ይችላል፤ ሁለተኛው የቡድኑ የመጀመሪያ ተመራጭ ነው።

ሁለት፦ በአንድ ሳምንት አይፍረዱ። የሦስት ወይም የአራት ሳምንት ድምር ይያዙ። የናኩዋን ዓይነት ድንገተኛ ብዛት ሲያዩ ደግሞ ምክንያቱን ይጠይቁ። የተጎዳ ጓደኛ ቦታ ይዞ ከሆነ ያ ጓደኛ መቼ እንደሚመለስ ይወቁ።

ሦስት፦ ወርዋሪው ማን ነው? ኳርተርባክ በተቀየረ ሳምንት የድሮው ታርጌት የድሮ መዝገብ ነው።

አራት፦ ኳሱ የት ይላካል? ከጀርባ ወይም በቅርብ የሚሰጥ ኳስ በቀላሉ ይያዛል፣ ያርዱ ግን ጥቂት ነው። ርቆ የሚወረወር ብዙ ጊዜ ይሳታል፣ ሲያዝ ግን ይከፍላል። ወደ መጨረሻው መስመር ሲቃረቡ የሚፈለገው ሰው ደግሞ ለታችዳውን ቅርብ ነው።

አምስት፦ የሊግዎን ደንብ ያንብቡ። ለተያዘ ኳስ ነጥብ በሚሰጥ ሊግ የጆንሰን 2022 ወደ 174 ነጥብ ነበር፤ በማይሰጥ ሊግ 88 ብቻ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ሊግ ውስጥ የአጭር ኳስ ብዛት ዋጋው ይወርዳል።

ለማሳያ ያህል ሁለት ተጫዋቾች በእጅዎ አሉ እንበል። አንደኛው በሦስት ሳምንት 10 ታርጌት አግኝቶ 8 ያዘ፣ 110 ያርድ ሄደ፣ 3 ታችዳውን አስቆጠረ። ሁለተኛው 30 ታርጌት አግኝቶ 20 ያዘ፣ 230 ያርድ ሄደ፣ ታችዳውን የለውም። ወሬው ስለ አንደኛው ነው። ነገር ግን ለተያዘ ኳስ ነጥብ በሚሰጥ ሊግ አንደኛው 37፣ ሁለተኛው 43 ነጥብ አምጥቷል። ነጥብ በማይሰጥበት ሊግ አንደኛው 29 ለ23 ይመራል፤ ከ29ኙ ግን 18ቱ የሦስት ኳሶች ዕድል ነው። በሚመጣው እሁድ ከሁለቱ ሱቆች የትኛውን መክፈት ይሻላል? ወርዋሪው ጤነኛ ከሆነ መልሱ በሁለቱም ሊግ ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ።

ያም ሆኖ በአንድ እሁድ ትክክለኛው ውሳኔ ሊከስር፣ የተሳሳተው ሊያተርፍ ይችላል። ሦስት ታርጌት የተላከለት ሰው ሁለቱን ታችዳውን ያደርግና ጎረቤትዎ ይስቅብዎታል። ያን ጊዜ መዝገብዎን ቀድደው የጎረቤትዎን መንገድ አይከተሉ። የፋንታሲ ዘመን በአሥራ ምናምን ሳምንት የሚዘጋ ሂሳብ ነው፤ ብዛት የሚከፍለውም ሳምንቱ ሲደመር ነው። በአገራችን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ፋንታሲ የሚጫወተው ወጣትም ይህንኑ ልብ ቢል አይጎዳም፤ እዚያም ከጎሉ በፊት አጥቂው ስንት ጊዜ ከግቡ ፊት ሆኖ ሞከረ ብሎ መቁጠር ይቻላል።

በመጨረሻም ለዚህ ጨዋታ የሚዋጣው ገንዘብ ቢጠፋ ቤት የማይጎድልበት ይሁን። በቀረው ግን ቅዳሜ ማታ አሰላለፉን ከመዝጋትዎ በፊት የታችዳውኑን ዓምድ በእጅዎ ሸፍነው የታርጌቱን ያንብቡ፤ ከዚያ ይወስኑ።