የአሮጌው ሮቦት ዋጋ ያለው በካርቶኑ ነው

የአሜሪካው ሃዝብሮ የጃፓኑን የታካራ ሮቦቶች «ትራንስፎርመርስ» በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር። ወደ ከባድ መኪናነት የሚለወጠው «ኦፕቲመስ ፕራይም» ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ጥሪት ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ ገዢ ሊያስተውል ይገባል። ሃዝብሮ በ2002 ይህንኑ ሮቦት ዳግም አምርቶ ሸጧል። የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹ ማጠራቸው ከቀድሞው ይለዩታል። እንግዲህ ብርቁ ፕላስቲኩ አይደለም። ብርቁ የ1984ቱ ካርቶን፣ እየተነቀሉ የሚጠፉት ትንንሽ እጆቹና ጠመንጃው ናቸው። እነዚህ የጎደሉት ሮቦት መጫወቻ እንጂ ጥሪት ሊባል አይችልም።

ወርቅ እንደ ልብ አይመረትም፤ ይህን ዕቃ ግን አምራቹ በፈለገ ጊዜ ያበዛዋል። አቅርቦቱ በሻጩ እጅ ላለ ዕቃ የብርቅ ዋጋ መክፈል ኪሳራን በገንዘብ መሸመት ነው።